የልጄ ክንድ፦ ወጌሻ ወይስ ሆስፒታል?

እናት ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ7 ዓመት ልጄ ዛሬ ጠዋት ከዛፍ ወድቆ ክርኑ አብጧል። አማቴ «ስብራት የወጌሻ ነው፤ ሐኪም ቤት ከሄደ እጁን ይቆርጡታል» ብለው ወጌሻ አስመጡ። ቀትር ላይ በቅቤ አሹት፣ ከዚያ በቀርከሃ ስንጥር ዙሪያውን ጠፍንገው አሰሩት። እኔም በልጅነቴ እግሬን ወለም ሲለኝ ያሹኝ እኚሁ ሰው ናቸው፤ ድኛለሁ፣ ክፉ ልናገራቸው አልችልም። ግን አሁን 9 ሰዓት ሆኗል፣ ልጁ ማልቀሱን አላቆመም፤ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል። አማቴ «አጥንቱ ሲይዝ ነው» ይላሉ። ልጠብቅ ወይስ ልውሰደው?

የአጥንት ክፍል ነርስ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ማሰሪያውን ፍቺው። አሁኑኑ። ከዚያ ጥፍሩን ጫን አድርገሽ ልቀቂው፤ የነጣው በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ ደም በደንብ እየደረሰው አይደለም። ቢቀላም ውሰጂው። ክርን ላይ ትልቁ የደም ስር አጥንቱን ተጠግቶ ነው የሚያልፈው፤ ጡንቻ ደግሞ ደም ካጣ 6 ሰዓት ገደማ ሲሆነው መሞት ይጀምራል። እጁን በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥይለት፣ እንዳይታሽ። ሰመመን ሊያስፈልገው ስለሚችል ምንም አታብይው።

አማትሽን አትቆጫቸው። ጣታቸው ጠቁሮ የመጡ ልጆች አይቻለሁ። እጁን የገደለው ማሰሪያው ነው፤ መጋዙን የያዘው ግን ሐኪሙ ስለሆነ ወሬው ለሆስፒታል ቀረ። እንጨት ማሰሩ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ማቲይሰን የተባለው የሆላንድ ጦር ሐኪም በ1850ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) የጀሶ ፋሻ እስኪያወጣ ድረስ አውሮፓም በእንጨት ያስር ነበር። የኛም ጀሶ ከጠበቀ ያው ነው የሚያደርገው። ለዚህ ነው «ጣቱ ከደነዘዘ ሌሊትም ቢሆን ተመለሱ» የምንለው። ወጌሻው ራጅ የለውም፤ አስሮ ከሄደ በኋላም ጣቱን የሚያይ የለም።

ባላገሩ፦
ወጌሻን ሁሉ በአንድ አትፍረጁ። ትከሻዬ ሲወልቅ ሆስፒታሉ በእግር 1 ቀን ይርቅ ነበር፤ የመለሱልኝ ወጌሻ ናቸው፣ ይኸው አርስበታለሁ። እሳቸው አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ አይነኩም፣ «ይህ የሐኪም ነው» ብለው ይልካሉ።

የአጥንት ክፍል ነርስ፦
ወንድሜ፣ እንዲህ ያሉትን እጅ እነሳለሁ። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የአካባቢውን ወጌሻ ጠርቶ ይህን የጥፍር ነገር ቢያሳይ ስንት እጅ በተረፈ!

እናት ከደብረ ብርሃን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስፈታው ክንዱ ላይ የስንጥሮቹ ሰንበር ሰርጉዶ ነበር፤ መንገድ ላይ ጣቶቹ ሞቁ። ራጁ ከክርኑ ከፍ ብሎ መሰበሩን አሳየ፤ ማታውኑ ቦታው መልሰው በሽቦ አያያዙት። ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። አማቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጥፍሩን እየጫኑ «አንድ፣ ሁለት» ይላሉ።