ሎስ አንጀለስ፦ አንድ ቤት በቅናሽ ኪራይ መመደብ ያዋጣል ወይስ ሁለት?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ 9,450 ካሬ ጫማ ቦታ ላይ የኪራይ አፓርታማ ሊሠራ ታስቧል። ዞኑ (የመሬቱ አጠቃቀም ምደባ) አር3 ነው፤ ለአንድ ቤት 800 ካሬ ጫማ ስለሚጠይቅ 11 ቤት ይወጣዋል። ጥቂቱን በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ብንመድብ ተጨማሪ ቤት ይፈቀዳል። አንድ ይሻላል ወይስ ሁለት? ቦታው ላይ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ፣ አራት ተከራዮች ያሉበት ሕንፃ አለ።

መልስ 1
መነሻችሁ 11 ሳይሆን 12 ነው። ሲካፈል 11.8 ይመጣል፤ በቅናሽ ኪራይ ቤት ለሚመድብ ተጨማሪ ቤት የሚፈቅደው የካሊፎርኒያ የዴንሲቲ ቦነስ ሕግ ደግሞ ክፍልፋይን ሁሉ ወደ ላይ ያጠጋጋል።

አንድ ብትመድቡ ከ12ቱ 8 ከመቶ ነው፤ 27.5 ከመቶ ቦነስ ያስገኛል። 3.3 ወደ 4 ይጠጋል፤ ድምሩ 16፣ በገበያ ዋጋ የሚከራየው 15። ሁለት ብትመድቡ 15 ከመቶን ታልፋላችሁ፤ ቦነሱ 50 ከመቶ ይሆንና 6 ቤት ይጨመራል፤ ድምሩ 18፣ በገበያ ዋጋ 16። ከዚህም በላይ ኢንሴንቲቩ (ከተማው ከግንባታ ደንቦች የሚያላላላችሁ) ከአንድ ወደ አራት ያድጋል። ሁለት በሉ።

መቶኛው የሚሰላው በ12ቱ ላይ ነው። በ18ቱ የሚያሰሉ 2.7 አግኝተው ሳያስፈልግ ሦስት ይመድባሉ።

መልስ 2
ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን አሮጌው ሕንፃ ጥያቄውን ይለውጠዋል። ከኦክቶበር 1978 በፊት የተሠራ በመሆኑ የኪራይ ጭማሪ ገደብ ያለበት ነው፤ ካፈረሳችሁት አራቱንም ቤቶች መተካት ግዴታ ነው። የተከራዮቹ ገቢ ካልታወቀ በከተማው ተከራዮች የገቢ ስብጥር ይገመታል። ስለዚህ ንድፍ ሳትጀምሩ ከከተማው የቤቶች መምሪያ የምትተኩትን ቤት ብዛትና የገቢ ደረጃ የሚወስን ደብዳቤ አውጡ። ለሁለት ተነድፎ ካለቀ በኋላ አራት ሲባል የባንኩ ሒሳብ ሁሉ ይፈርሳል።

የሚተኩት ቤቶች ለቦነሱም ይቆጠራሉ። አራቱም በጣም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ከሆኑ፣ ሁለቱ የመጀመሪያውን 50 ከመቶ ያስገኛሉ፤ ከ2024 ጀምሮ በሚሠራው ኤቢ 1287 በተባለው የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ የቀሩት ሁለቱ 38.75 ከመቶ ይጨምራሉ። ይህ 4.65 ነው፣ 5 ይሆናል። ድምሩ 23።

ተከራዮቹ ግንባታው ሊጀመር ስድስት ወር እስኪቀረው የመቆየት መብት አላቸው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑት የመዛወሪያ ክፍያና በአዲሱ ሕንፃ በሚችሉት ኪራይ የመመለስ ቅድሚያ ይገባቸዋል። በጽሑፍ ስጧቸው፤ የአፍ ቃል ለማንም መጠለያ አይሆንም።

መልስ 3
ኢንሴንቲቩን በፓርኪንግ አታባክኑት። ሕጉ ራሱ ለስቱዲዮና ለባለ አንድ መኝታ ከ1፣ ለባለ ሁለትና ሦስት መኝታ ከ1.5 በላይ ፓርኪንግ እንዳትጠየቁ ያደርጋል። ከዋና ትራንዚት ጣቢያ ግማሽ ማይል ውስጥ ከሆናችሁ በኤቢ 2097 ጨርሶ አትገደዱም።

የከፍታ ወይም የሴትባክ (ከቦታው ወሰን የመራቅ) ደንብ የተፈቀደላችሁን ቤት በአካል እንዳይገባ ካደረገ የሚጠየቀው ዌቨር (ከዚያ ደንብ ነፃ መደረግ) ነው፤ የቁጥር ገደብ የለውም። ኢንሴንቲቩን ወጪ ለሚቀንስ ነገር አስቀሩት።

ስለተመደቡት ቤቶች ኪራይ፦ ጣሪያው የአካባቢው መካከለኛ ገቢ 50 ከመቶ፣ የዚያ ደግሞ 30 ከመቶ ነው። ተከራዩ የሚከፍለው መብራት፣ ጋዝና ውሃ ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ይህን የረሳ የገቢ ትንበያ ከአበዳሪው ዘንድ ይመለሳል። ግዴታው ቢያንስ 55 ዓመት ስለሚጸና፣ ትንበያው ላይ እነዚህን ቤቶች ከሌሎቹ ለይታችሁ በራሳቸው መስመር አስሏቸው።