ኢትዮጵያን፣ ኬንያንና ጀርመንን በማኅበራዊ መተማመን ለማወዳደር የትኛው ዳታ ይሻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰው በሰው ላይ ያለውን እምነት በሦስቱ አገሮች ማነጻጸር እፈልጋለሁ። ጥሬ ዳታው በነፃ የት ይገኛል? ፋይሎቹ ውስጥ ያሉት ነጋቲቭ ቁጥሮችስ ምንድን ናቸው?

መልስ 1፦
የዓለም እሴቶች ጥናት (ወርልድ ቫልዩስ ሰርቬይ) ሰባተኛ ዙር ሦስቱንም ይዟል። አጭር ቅጽ ሞልተህ በስታታ ወይም በኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ናቸው) ፋይል ታወርደዋለህ። ጥያቄ 57ን ውሰድ፦ 1 «አብዛኛው ሰው ይታመናል»፣ 2 «ጥንቃቄ ያስፈልጋል» ነው። -1 «አላውቅም»፣ -2 «መልስ አልሰጡም» ማለት ስለሆነ ከስሌቱ በፊት አውጣቸው። አማካይ አትሥራ፤ 1 ያሉትን በመቶኛ አቅርብ። የናሙና ክብደቱንም (ናሙናው ሕዝቡን እንዲመስል የሚያስተካክለውን ቁጥር) አትርሳ። መረጃ የተሰበሰበበትን ዓመት የግድ ጻፍ፤ የጀርመኑ ከኮቪድ በፊት፣ የኬንያው በወረርሽኙ ጊዜ ነው።

መልስ 2፦
የአውሮፓ ማኅበራዊ ጥናትን ከዚህ ጋር እንዳትቀላቅል። እዚያ መልሱ ከ0 እስከ 10 ነው። 77፣ 88 እና 99 የጎደለ መልስ ኮዶች ናቸው፤ ካልተወገዱ አማካዩን ሰማይ ያደርሱታል። ኢትዮጵያና ኬንያም የሉበትም።

መልስ 3፦
ስለ መንግሥትና ዴሞክራሲ ከሆነ ለኢትዮጵያና ለኬንያ አፍሮባሮሜትር የተባለው የአፍሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ይበልጣል። ናሙናው 2,400 ሲሆን የስህተት ህዳጉ (ውጤቱ ከእውነተኛው ሊርቅ የሚችልበት መጠን) ±2፣ 1,200 ሲሆን ±3 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ይህ ግን ለአገር አቀፍ ውጤት እንጂ ለአንድ ክልል አይሠራም።

በዓለም እሴቶች ጥናቱም ጥያቄ 57 ላይ ብቻ ባትቆም ደስ ይለኛል። «አብዛኛው ሰው» ሲባል አንዱ ጎረቤቱን፣ ሌላው የማያውቀውን መንገደኛ ያስባል። ከ58 እስከ 63 ያሉት ቤተሰብን፣ ጎረቤትን፣ የሌላ ሃይማኖት ተከታይን ለየብቻ ይጠይቃሉ። እዚያ 1 ሙሉ እምነት፣ 4 ደግሞ ጨርሶ አለማመን ስለሆነ ትልቁ ቁጥር ብዙ እምነትን እንዲያሳይ ሚዛኑን ገልብጠህ ጀምር።