ኤኤልቲ (የጉበት ኢንዛይም) ከፍ ያለበት የ4 ዓመት ልጅ፦ የጡንቻ በሽታ ጂን ምርመራው (ኤምኤልፒኤ) ንጹህ ሆነ፣ ቀጥሎ ምን ይታዘዝ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው።

ወንድ ልጅ፣ 4 ዓመቱ። የተላከው «የጉበት ችግር» ተብሎ ነው፤ ለጉበት የሚለኩት ሁለት ኢንዛይሞች ከፍ ብለዋል፦ ኤኤልቲ 310፣ ኤኤስቲ 280። ቢሊሩቢን፣ አልቡሚንና ጂጂቲ (ሌላ የጉበት ኢንዛይም) ግን ደህና ናቸው። ሁለቱ ኢንዛይሞች ከጡንቻም ይወጣሉ፣ ጂጂቲ ግን አይወጣም፤ ስለዚህ ሲኬ (ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛ ኢንዛይም) ታዘዘ። 14,000 መጣ፣ እጅግ ከፍ ያለ ነው። (ለጉበት ናሙና ቀጠሮ ተይዞለት ነበር!)

የተራመደው በ18 ወሩ ነው። ከወለል ሲነሳ መጀመሪያ በሆዱ ይዞራል፣ በእጅና በእግሩ ተደግፎ መቀመጫውን ያነሳል፣ ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ቀጥሎም ጭኑ ላይ እየተከለ ገላውን ይወጣዋል፤ 7 ሰከንድ ይፈጅበታል። ባቱ ወፍራምና ጠጣር ነው። የጉልበት ሪፍሌክሱ ደክሟል፣ የቁርጭምጭሚቱ አለ። ምላሱ አይርገበገብም፣ ቆዳው ላይ ሽፍታ የለም። እንዲህ ያለ ሲኬ ይዞ ኤስኤምኤ (ከነርቭ ሕዋስ የሚነሳ የጡንቻ መድከም) ማሰብ ይከብደኛል።

ዱሼን (በዲስትሮፊን ጂን ጉድለት የሚመጣ፣ እናት ለወንድ ልጇ ልታስተላልፈው የምትችል የጡንቻ መመንመን በሽታ) ይመስላል። የዲስትሮፊን ጂን ኤምኤልፒኤ ግን የጎደለም የተደገመም ኤክሰን (የጂኑ ክፍል) አላገኘም። ኤምኤልፒኤ ትንንሽ የፊደል ለውጦችን ስለማያይ ዱሼንን እንደማያስወግድ አውቃለሁ። መላ የጠፋኝ ከዚህ ወዲያ ነው፦ የዲስትሮፊን ጂን ሙሉ ንባብ ብቻ ይበቃል ወይስ ሳርኮግላይካኖችን ጨምሮ የሊምብ ገርድል (ዱሼንን የሚመስሉ ሌሎች የጡንቻ መመንመን በሽታዎች) ጂኖችን በአንድ ላይ የሚመረምር ፓነል ይሻላል? መልካቸው እጅግ ይመሳሰላል። የጡንቻ ናሙናውን እስከዚያ ላቆየው ነው ሐሳቤ፤ ማደንዘዣው ራሱ ስጋት አለው፣ ሳክሲኒልኮሊን (በማደንዘዣ ጊዜ ጡንቻ ለማላላት የሚሰጥ መድኃኒት) በፍጹም አይሰጠውም።

ችኮላው፦ እናትየው የ10 ሳምንት እርጉዝ ናት። የልጁ ሚውቴሽን ሳይታወቅ ለእሷ ምን ማለት ይቻላል? የእሷን ሲኬ መለካትስ ይጠቅማል፣ እርግዝና ራሱ እያወረደው?