ታክቲክስ ኦገር በፒኤስፒ፦ ቀስተኛዬ ወደቀችብኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ያገለገለ ፒኤስፒ (የሶኒ የእጅ ጌም መጫወቻ) ገዛሁ። የጀመርኩት ታክቲክስ ኦገር የሚባለውን ተራ በተራ የሚዋጉበት ጌም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ በ2010 እንደ አዲስ የተሠራውን። ትናንት ማታ በውጊያ ላይ ቀስተኛዬ ወደቀችብኝ። አንጀቴን በላችው። ከመጀመሪያው ልጀምር?

መልስ፦
ኧረ ተው ወንድሜ! ሦስት ልብ፣ ማለትም ሦስት ነፍስ አላት። በሦስት ተራ ውስጥ ካላነሳሃት የምትጎድለው አንዷ ብቻ ናት። ደግሞ ቻሪዮት የሚባል ዘዴ አለልህ፤ ውጊያው ሳያልቅ እስከ 50 ተራ ወደ ኋላ ይመልስሃል። በ1995ቱ ይሄ የለም። እኔ በዚያኛው ስንቴ አልቅሻለሁ።

ሌላ መልስ፦
አንድ ነገር ልብ በል። ደረጃው (ሌቭሉ) የሙያው ነው፤ ቀስተኛ፣ ኒንጃ እንደሚባለው፤ የሰውዬው አይደለም። ዘግይተህ ያገኘኸው ሙያ ከ1 ይጀምራል። ኒንጃዎቼን እኩል ለማድረስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በ2022ቱ እትም ደረጃውን ለየሰዉ መልሰውታል፤ ደግ አደረጉ።

ጠያቂው፦
ተመስገን! አሁን አየሁት፤ ሁለት ልብ ቀርቷታል። ልቀጥል ነው።