«ቆራርጣችሁ ክፈቱት» ደግሞ ምን የሚሉት ምክር ነው?

(ተናጋሪዎቹ የተጠሩት በሰፈራቸው ስም ነው፦ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ አያት እና ቱሉ ዲምቱ።)

የኮዬ ፈጬዋ፦ ዛሬ ስልጠና ላይ የሰማሁት ነገር ቤት እስክገባ ድረስ ሲያብከነክነኝ ነበር። አሰልጣኙ «ፋይሉ ኤክሴል ላይ አልከፈት ካለ ቆራርጣችሁ ክፈቱት» አለ። ሰው ሁሉ ደብተሩ ላይ ጻፈው። እኔ ግን ባለፈው ወር የደረሰብኝን አልረሳሁም። 3 ሚሊዮን ምናምን ረድፍ ያለው ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለዩ የጽሑፍ ፋይል) ተላከልኝ፣ ኤክሴል ከፈተው፣ ደመርኩ፣ ሪፖርቱን ላክሁ። ለካስ ኤክሴል አንድ ገጽ ላይ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ብቻ ነው! ማስጠንቀቂያው ብቅ ብሎ ነበር፣ ሳላነበው «እሺ» አልኩት። ከግማሽ በላዩ ሳይቆጠር ሪፖርቱ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

የገላኑ፦ እና የኤክሴል ጥፋቱ ምንድን ነው? ነግሮሻል እኮ። መቁረጥ ምን ነውር አለው? እኔ አራት ቦታ ቆርጬ፣ ድምሮቹን ደምሬ አስረክቤያለሁ። ማንም ምንም አላለኝም።

የአያቷ፦ ማንም ምንም አላለህም ማለት ልክ ነህ ማለት አይደለም። ድምርስ ይደመራል። አንድ ደንበኛ ሁለት ቁራጭ ውስጥ ካለስ? ስንት ሰው እንደሆነ ስትቆጥር ሁለቴ ቆጠርከው ማለት ነው። ሚዲያንማ (በቅደም ተከተል ሲደረደር መሃል ላይ የሚውለውን ቁጥር) አታንሳው፣ የአራት ሚዲያን አማካይ የሁሉም ሚዲያን አይሆንም።

የገላኑ፦ የተጠየቅኩት ድምር ነው። ስለ ሚዲያን ማን አነሳ?

የኮዬ ፈጬዋ፦ እንግሊዞች በፈረንጆቹ 2020 ምን እንደገጠማቸው ታውቃለህ? የላብራቶሪ ውጤት በድሮው የኤክሴል ፎርማት ሲያስተላልፉ፣ እሱ ደግሞ የሚይዘው 65,536 ረድፍ ብቻ ነው፣ ኮቪድ የተገኘባቸው 15,841 ሰዎች ከዕለታዊ ቆጠራው ቀሩ። ከነሱ ጋር የተነካኩትም በጊዜው አልተፈለጉም። ረድፍ ስንል ሰው ነው እኮ!

የቱሉ ዲምቱው፦ ልጆች፣ ስታታን የመሰለ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም እያለ ለምን ትጨቃጨቃላችሁ? እኔ ስንት ዓመት የቤተሰብ ጥናት የሠራሁት በሱ ነው። የሠራኸውን ሁሉ ዱ ፋይል በሚባለው የትእዛዝ ፋይል ላይ ትጽፋለህ፣ አለቀ።

የአያቷ፦ ጋሼ፣ ዱ ፋይሉ ላይ ልክ ነዎት፣ እኔም የምለው እሱኑ ነው። ግን ስታታም ፋይሉን ሙሉ በሙሉ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ላይ ነው የሚጭነው። የኮዬ ፈጬዋ ላፕቶፕ ራሙ 8 ጊጋ ነው። የስታታ ፈቃዱስ በማን ብር ይገዛል?

የገላኑ፦ ክራክ፣ ያለ ፈቃድ የሚሠራው ኮፒ፣ አለ አይደል።

የቱሉ ዲምቱው፦ ክራክ አትበል! የሰው መረጃ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ነገር አይጫንም።

የኮዬ ፈጬዋ፦ ፓንዳስ የሚባለውን የፓይተን ኮድ መሣሪያም ሞክሬ ነበር፣ ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። የፓንዳስ ጀማሪ ዌስ መኪኒ ራሱ ከዳታው መጠን ከ5 እስከ 10 እጥፍ ራም ይኑራችሁ ይላል። ያን ማታ ነው ዳክዲቢ የሚባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም የጫንኩት። ነፃ ነው፣ ሰርቨር አይፈልግም። ሲኤስቪውን እንዳለ እየቆነጠረ ያነበዋል፣ ራም ሲጠብበው ወደ ዲስክ ያወርዳል። ቡና ሳይፈላ ድምሩ ወጣ። ከዚያ ፋይሉን ፓርኬ ወደሚባል የፋይል ዓይነት ቀየርኩት። ፓርኬ በዓምድ ስለሚያስቀምጥ የምፈልገውን ዓምድ ብቻ ነው የሚያነበው።

የገላኑ፦ በቃ፣ እሱም እየቆነጠረ ከሆነ እየቆረጠ ነው ማለት ነው!

የአያቷ፦ እሱ ሲቆርጥ ራሱ መልሶ ይገጥማል። አንተ በእጅህ ነው። ከሁለተኛው ቁራጭ ጀምሮ የዓምዶቹ ስም የለም አይደል? ፒቮት (የኤክሴል ማጠቃለያ ሠንጠረዥ) ስትሠራ የመጀመሪያው ረድፍ ርዕስ ተደርጎ ይወሰዳል። ከየቁራጩ አንድ አንድ ሰው ወደቀ። በ09 የሚጀምረው ስልክ ቁጥርስ? ዝም ብለህ ከከፈትከው ዜሮው ይበላል።

የገላኑ፦ ፓንዳስም ዜሮውን ይበላዋል፣ አይቻለሁ።

የአያቷ፦ ይበላዋል፣ ልክ ነህ። ግን «ይሄ ዓምድ ጽሑፍ ነው» ብዬ አንዴ ኮዱ ላይ እጽፈዋለሁ። በሚቀጥለው ወርም እዚያው ይጠብቀኛል። አንተ በየወሩ፣ በየቁራጩ ታስታውሰዋለህ?

የቱሉ ዲምቱው፦ ቀኑንስ ማን አነሳ? ጥቅምት 30ን 30/02 ብላችሁ ስታስገቡ የትኛው ፕሮግራም ነው የሚቀበላችሁ? ለነሱ 02 ፌብሩዋሪ ነው። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቋትም። ቀን፣ ወርና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለይታችሁ አስቀምጡ ብዬ ስንቴ ተናገርኩ።

የኮዬ ፈጬዋ፦ ጋሼ፣ እሱን ነገ ስልጠናው ላይ ስምዎን ሳልጠራ አነሳዋለሁ፣ ይፍቀዱልኝ። የገላኑ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ያስረከብከው ሥራ፣ ሦስተኛው ቁራጭ ከየትኛው ረድፍ ነው የሚጀምረው?

የገላኑ፦ አሁን ከየት አምጥቼ ልንገርሽ? ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ነው።

የአያቷ፦ ፋይሉ ስም ላይ አልጻፍከውም?

የገላኑ፦ «የመጨረሻ 2» ነው የሚለው። ነገ ገብቼ አያለሁ አልኩ እኮ። ለድምር ግን አሁንም እቆርጣለሁ።