የፍልስፍና ማስተርስ፦ ካንትን ማንበብ፣ ተርም ፔፐሩንም መጻፍ

የኮዬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፍልስፍና ማስተርስ ጀምሬያለሁ፤ የመጀመሪያ ዲግሪዬ ግን በሥነ ዜጋ ነው። ቤቴ ኮዬ ፈጬ፣ ትምህርቱ ስድስት ኪሎ፣ ቀን ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ። የጀርመናዊውን ፈላስፋ የካንትን «የሥነ ምግባር ሜታፊዚክስ መሠረት» የተባለ መጽሐፍ ለሴሚናር አንብቡ ተብለናል፤ ቃላቱን አነባለሁ፣ ሐሳቡ አይያዝልኝም። በዚያ ላይ የ3,000 ቃል ተርም ፔፐር አለ። ሎጂክ ሳልማር ይሆንልኛል?

ህዳግ፦
እህቴ፣ አይዞሽ። መጽሐፉ ቀጭን ነው፣ ሦስት ክፍል ብቻ። ሁሉንም እኩል አታንብቢ፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ቆዪ። የመጀመሪያውን ዙር ሳታሰምሪ ጨርሺው። በሁለተኛው ዙር እርሳስ ይዘሽ በየአንቀጹ ዳር አንቀጹ ምን እየሠራ እንደሆነ ጻፊ፦ ትርጓሜ እየሰጠ ነው፣ ምሳሌ እያቀረበ ነው፣ ወይስ ተቃውሞ እየመለሰ?

የሐሰት ቃል ኪዳኑን ምሳሌ እንይ። የቸገረው ሰው እንደማይመልስ እያወቀ «እመልሳለሁ» ብሎ ይበደራል። የካንት ፈተና «ሁሉም እንዲህ ቢያደርግስ?» የሚል ነው። ብዙ ተማሪ «ሁሉም ቢዋሽ ማኅበረሰቡ ይጎዳል» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ውጤትን መመዘን ነው እንጂ ካንት አይደለም። ካንት የሚለው፣ ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ «እመልሳለሁ» የሚለውን ማንም አያምንም፤ ስለዚህ ሰውዬው ሊገለገልበት ያሰበው ቃል ኪዳን ራሱ አይኖርም ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1861 ካንት ያሳየው የውጤቱን ጉዳት ብቻ ነው ሲል ተችቶታል። ትችቱ ልክ ነው ወይ? ለፔፐርሽ ይህ አንድ ጥያቄ ይበቃል።

ስትጠቅሺ በገጹ ዳር ያሉትን የአካዳሚ እትም (የካንት ሥራዎች መደበኛ የጀርመንኛ እትም) የቅጽና የገጽ ቁጥሮች ተጠቀሚ። ይህ ምሳሌ 4፡422 ላይ ነው፤ የትኛውም ትርጉም እጅሽ ቢገባ ቦታው አይጠፋሽም።

እርማት፦
ጥሩ ተብሏል። ፔፐር የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ርዕሱ ሲሰፋ ነው። «የካንት ሥነ ምግባር» ርዕስ አይደለም። በመጀመሪያው አንቀጽ «የምከራከረው እንዲህ ነው» ብለሽ አቋምሽን አስቀምጪ። ከዚያ ወደ 900 ቃል ለካንት ሐሳብ፣ 600 ለሚል ትችት፣ ቢያንስ 1,000 ለራስሽ ክርክር ስጪ፤ ቀሪው ለመግቢያና ለመዝጊያ ይሆናል። ተማሪ ማብራሪያው ላይ 2,500 ቃል ይጨርስና ለራሱ ቦታ ያጣል። ተቃዋሚሽን በጠንካራ ጎኑ አቅርቢው፤ ደካማ አድርገሽ ከጣልሽው ምንም አላረጋገጥሽም።

ሎጂክ ያስፈልግሻል፣ ግን መሠረቱ ብቻ። «ዝናብ ከዘነበ መንገዱ ይጨቀያል፤ መንገዱ ጨቅይቷል፤ ስለዚህ ዘንቧል» የሚለው ለምን እንደማይጸና ማስረዳት አለብሽ፦ የውኃ ቧንቧም ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የእውነት ሠንጠረዥ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ወይም ሐሰት የሚሆኑባቸውን ጥምረቶች ሁሉ የሚዘረዝረውን፣ ተለማመጂ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር 8 ረድፍ፣ አራት 16 ረድፍ ይወጣዋል። ቀጥሎ ከመነሻ ሐሳብ ወደ መደምደሚያ የሚያደርሱትን የማረጋገጫ ደንቦች በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሥሪ። ይህ በማንበብ አይመጣም፣ በእጅ በመሥራት እንጂ።

የኮዬዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። መንገድ ላይስ ምን ልሥራ? ለመመረቂያ ጽሑፌ ደግሞ የፈላስፋውን (የንጉሡን ሳይሆን) የዘርዓ ያዕቆብን «ሐተታ» የተባለ የግዕዝ ድርሰት አስቤያለሁ።

ህዳግ፦
ታክሲ ውስጥ ካንትን አዲስ አትጀምሪ። ያነበብሽውን ክርክር ሳታዪ በአምስት ዓረፍተ ነገር ለራስሽ መልሺ፤ የተቆረጠብሽ ቦታ ማታ የምትመለሺበት ነው። የስታንፎርድ የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ ነፃ ነው። ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ስታገኚ ገጹን ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፤ መብራትም ኔትወርክም ቢጠፋ ታነቢያለሽ። ዋናው ጽሑፍ ግን ይቅደም፤ ማብራሪያ ያስቀደመ ሰው የሌላውን ጥያቄ ይዞ ነው የሚገባው።

እርማት፦
ሐተታው ላይ ከመነሻው አንድ ነገር ወስኚ። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ድርሰቱ የጣሊያናዊው ሚስዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ፤ የፍልስፍና ምሁሩ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የዘርዓ ያዕቆብ መሆኑን ሲከራከር ኖረ። ስለ ደራሲው ማንነት ለመጻፍ ግዕዝና የጥንት ጽሑፍ ጥናት ያስፈልጋል። ስለ ክርክሩ ይዘት ከሆነ፣ ለምሳሌ አእምሮ እርስ በርስ የሚጋጩ ሃይማኖቶችን እንዴት ይመዝናል የሚለውን፣ የደራሲነቱን ጉዳይ በአንድ ክፍል አስረድተሽ እለፊ። ሁለቱን ከቀላቀልሽ ፕሮፖዛሉ ላይ አማካሪሽ ይመልስሻል። እንዲህም ሆኖ ቁልፍ አንቀጾቹን ከግዕዙ ጋር አስተያዪ፤ ግቢው ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ቅርብሽ ነው።