የቀይ ወጥ ሥጋ አልለሰልስ አለኝ፣ ደብረ ብርሃን ያላችሁ እርዱኝ

ሰላም እናቶች እህቶች፣ ወጥ የምትሰሩ ወንድሞችም። የበሬ ሥጋ ቀይ ወጥ ላይ ተቸግሬያለሁ። ቁሌቱ እንኳን ጥሩ ነው፣ ለ1 ኪሎ ሥጋ 1 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላላዋለሁ ከዛ ዘይት ከዛ በርበሬ፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግኩ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው ድረስ እታገሳለሁ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም አይቀርም። ችግሩ ሥጋው ከገባ በኋላ ነው፣ ስንት ሰዓት ቢንተከተክ እንደ ጎማ ነው፣ ውሃ ስጨምርበት ደግሞ ወጡ ይቀጥንና ቅቤው ለብቻው ይንሳፈፋል።

ከተማችን ከፍታዋ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ ወደ 91 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ ሥጋ መዘግየቱ ይገባኛል፣ ግን እኮ የጎረቤት እናቶች ወጥ ሥጋው በእንጀራ ሲይዙት ይፈታል!

ሥጋ ቤት ታፋ ነው የሚሰጡኝ፣ ፍሪምባ ወይ ጎድን ልጠይቅ? ሥጋውን ለብቻው ቀቅዬ ከነመረቁ ቁሌቱ ላይ ብጨምረው ጣዕሙ ይቀንሳል? ፕሬዠር ኩከር የምትጠቀሙ ስንት ደቂቃ ታቆዩታላችሁ፣ ቅቤና መከለሻውስ ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ነው አይደል? የባለቤቴ እናት ለፋሲካ ከመንዝ ይመጣሉ፣ ጥርሳቸው ስለደከመ ጠንካራ ሥጋ አይችሉም፣ በደንብ በልተው እንዲጠግቡልኝ በጣም እፈልጋለሁ። ጾሙ ሳይፈታ ብትመልሱልኝ፣ በተለይ በከሰል የምትሰሩ እሳቱን እንዴት እንደምትመጥኑት ንገሩኝ።